የፎቶግራፎቹ ርክክብ

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ዝውውር» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ደብዳቤው ይደርሰዋል፤ በእጁ ያለውን ንብረት ቈጥሮ ለተተኪው ያስረክባል፤ ወንበሩና ጠረጴዛው፥ ቁም ሣጥኑና ማኅተሙ አንድ በአንድ ተጽፈው ይፈረምባቸዋል፤ ከዚያም በኋላ ጓዙን ጭኖ ወደ ታዘዘበት አገር ይሄዳል። አሠራሩ የቈየና የተለመደ ስለ ሆነ አንድ ሰው ቢዘነጋ እንኳ ወረቀቱ ያስታውሰዋል። እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢ ላወራ የፈለግሁት ስለ ሰው ዝውውር ሳይሆን ስለ ፎቶግራፍ ዝውውር ነው። ይኸውም ሮቤ ከተማ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት የተጠራቀሙት ፎቶግራፎች ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ አዲሱ እንዲዛወሩ በታዘዘ ጊዜ ሥራው ለእኔ ስለ ተሰጠኝ፥ በዚያ ምክንያት ያየሁትንና ያሰብሁትን ለመጻፍ ነው።

ሥራው ለእኔ የተሰጠው የተለየ ዕውቀት ስላለኝ አይደለም። ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ ኮምፒዩተርንም የለመድሁት በሥራ ላይ ነው። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን ትዕግሥተኛ ነው እየተባልሁ እታማለሁ። አለቃዬም ይህን ሐሜት ሰምተው ኖሮ አሮጌውንና አዲሱን ዲስክ አንድ ላይ ሰጡኝና «አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሃል» አሉኝ። ያ አንድ ከሰዓት በኋላ አራት ወር ሙሉ ፈጀ።

በቋንቋችን ፎቶግራፍ «ይነሣል» እንላለን። ይህ አነጋገር እንዴት እንደ መጣ የቋንቋ ዐዋቂዎች ይመርምሩት፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤ የተነሣ ነገር ሁሉ መቀመጫ ይፈልጋልና። ዱሮ የፎቶግራፍ መቀመጫው የታወቀ ነበር፤ ወይ በክፈፍ ሆኖ ከግድግዳ ላይ፥ ወይ በአልበም ውስጥ፥ አለዚያም በዳዊት ቅጠሎች መካከል ነበር። በ1868 በፈረንጆች አቈጣጠር ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት ልጅ የነበረውን ልዑል ዓለማየሁን በእንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አንሥታዋለች። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮም አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተ ሰቦች ለቤተ መንግሥቱ ያነሡ ነበር። ከእነዚህ ሥዕሎች ወረቀቱ የቢጫ መልክ ይዞ፥ ጠርዙም ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ማናቸውም ሰው በእጁ ይዞ በመስኮት ብርሃን ሊያያቸው ይችላል። የዛሬው ፎቶግራፍ ግን እንዲህ አይደለም። በእጅ ቢያዝ አይታይም፤ በመስኮት ቢያዩት ጥቁር ሣጥን ነው።

ይህ ጥቁር ሣጥን ራሱ ግን ሊደነቅ ይገባዋል። መጠኑ ከትንሽ የጸሎት መጽሐፍ አይበልጥም። በውስጡ እንደ መስተዋት የተወለወለ ክብ ሰሌዳ አለ፤ ይህም በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ጽሕፈቱን የሚያነበው ራስ ሰሌዳውን ሳይነካ በቀጭን አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። አሁን የባሌ ሰው ይህን ልብ ብሎ ያድምጥ። የሚያንሳፍፈው አየር በመሆኑ፥ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ራሱ ዝቅ ብሎ ሰሌዳውን ሊፍቅ ይችላል። ስለዚህ ሠሪዎቹ አብዛኛዎቹን ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ ተማምነው እንዲሠሩባቸው ይመክራሉ። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፥ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ናቸውና እዚህ ምንም ሥጋት የለም። ዲንሾ ግን ከ3,000 ይበልጣል፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ነው። ይህን ካነበብሁበት ቀን ጀምሮ ወደ መስክ ለሚወጡ ባልደረቦቼ ሁሉ «ሳነቴ ላይ ካሜራውን ክፈቱ፥ ዲስኩን ግን ጎባ እስክትወርዱ አትንኩት» እላቸዋለሁ። የሚሽከረከር ነገር የሌለበት አዲስ ዓይነት ዲስክ ከፍታ አያስፈራውም፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ስለ ሆነ ለእኛ የተገዛው የሚሽከረከረው ነው።

በ1956 በፈረንጆች አቈጣጠር አይ. ቢ. ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ዲስክ ለገበያ ሲያቀርብ፥ መሣሪያው ትልቅ ቁም ሣጥን የሚያህልና ክብደቱ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። መሥሪያ ቤታችን ካለው ካሜራ የሚወጣው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ፥ አንዲት የአደይ አበባ እንኳ ብትሆን፥ በዚያ ውስጥ አትገባም።

የሆነ ሆኖ ሥራው ገና ሳይጀመር ክርክር ተነሣ። የንብረት ክፍሉ ሹም አዲሱ ዲስክ 1,000 ጊጋባይት ይይዛል ተብሎ መገዛቱን በሰነዱ ላይ አንብበዋል፤ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ግን 931 ብቻ ተጽፎ አዩ። «ስልሳ ዘጠኙ የት ሄደ?» ብለው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እውነታቸውን ነው፤ ከአንድ ኩንታል ስንዴ ሰባት ኪሎ የጎደለ እንደ ሆነ ማን ይፈርማል? ነገሩ ግን የመስፈሪያ ልዩነት ነው። ሻጩ ሲሰፍር እያንዳንዱን ደረጃ በ1,000 ያባዛል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ በ1,024 ያባዛል። ዱሮ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር እንደማይተካከል፥ እህሉ ግን ያው እንደ ሆነ፥ ይህም እንዲሁ ነው። ስለ ቁናው በነገርኋቸው ጊዜ ሹሙ ሳቁና ፈረሙ። በ1,024 ማስረዳት ከጀመርሁ ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር።

አሁን ወደ ግልበጣው ልለፍ። ፎቶግራፎቹ ከስልሳ ሺህ በላይ ነበሩ። ኮምፒዩተር ፋይል ለማዛወር ሁለት መንገድ ይሰጣል፤ አንደኛው ቈርጦ መውሰድ፥ ሁለተኛው ገልብጦ መውሰድ ነው። ቈርጦ መውሰድ ፈጣንና ንጹሕ ይመስላል፤ መብራት በሚቈራረጥበት አገር ግን በመንገድ ላይ መቅረትን ያስከትላል። አንዲት ሴት ያዘለችውን ሕፃን ለሌላይቱ ስታሳዝል፥ ሁለተኛይቱ አንቀልባውን አጥብቃ ሳትይዝ የመጀመሪያይቱ እጅዋን አትለቅም። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የአሠራር መመሪያ የለም።

ከዚህ የከፋው አደጋ የስም ነገር ነው። ካሜራ ለፎቶግራፍ ስም የሚያወጣው በቍጥር ነው። ከ0001 ይነሣል፤ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ካሜራው ሲለወጥም እንዲሁ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቈጥራል። በዚህ ምክንያት በአሮጌው ዲስክ ውስጥ 0417 የሚባሉ ሰባት ፎቶግራፎች ነበሩ። በየፎልደራቸው ተለያይተው ሲቀመጡ ጠብ የላቸውም፤ ሥራ ለማቃለል ሲባል በአንድ ፎልደር ሲሰበሰቡ ግን ኮምፒዩተሩ «በዚህ ስም ሌላ አለ፤ ልተካውን?» ብሎ ይጠይቃል። ለምሳ የቸኰለ ሠራተኛ «አዎን» ካለ የቀድሞው ያለ ድምፅ ይጠፋል። አይጮኽም፤ ደም የለውም፤ ማንም አይፈልገውም። በአንድ ደብር ውስጥ አሥር ገብረ ማርያም ቢኖሩ በአባታቸው ስም ይለያሉ፤ ፎቶግራፍ ግን አባት የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የአባት ስም አወጣሁለት፤ ይኸውም የተነሣበት ዓመት፥ ወር፥ ቀንና ሰዓት ከቍጥሩ ፊት እንዲጻፍ አደረግሁ።

የአባት ስሙን ማግኘት ግን እንዳሰብሁት ቀላል አልነበረም። ከፎልደሮቹ መካከል «2008» ተብሎ የተሰየመ አንድ ነበረ። ስመለከተው በውስጡ የሁለት ሠራተኞች ሥራ ተቀላቅሏል። አንደኛው በፈረንጆች አቈጣጠር ይጽፍ ኖሮ የእርሱ 2008 የእኛ 2000 እና 2001 ነው፤ ሌላው በራሳችን አቈጣጠር ስለሚጽፍ የእርሱ 2008 በፈረንጆች 2015 እና 2016 ነው። ስምንት ዓመት የሚለያዩ ሰዎች በአንድ ቤት ገብተው እንደ እኩዮች ተቀምጠዋል። ይህን የማይረባ የጸሐፊዎች ጣጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ በዚያው ፎልደር ውስጥ ያሉትን የቀይ ቀበሮ ሥዕሎች ያስብ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ ከእኩሌታው በላይ የሚኖሩትም በባሌ ተራሮች ነው። በ1991፥ በ2003፥ በ2008 እና በ2014 በፈረንጆች አቈጣጠር የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። እንግዲህ «2008» የሚለው የፈረንጅ ከሆነ ፎቶግራፉ የመቅሠፍቱ ዓመት ምስክር ነው፤ የእኛ ከሆነ ደግሞ ከሌላው መቅሠፍት የተረፉት ናቸው። ተመራማሪ ሁለቱን ቢያደናግር ያልሞተውን ሞተ፥ የሞተውን ኖረ ብሎ ይጽፋል።

እርግጥ ነው፥ ካሜራው ራሱ በፎቶግራፉ ውስጥ ቀኑን ሰውሮ ይጽፋል። ነገር ግን ካሜራም የሰው ባሪያ ነው። አንዱ አንሺ ሰዓቱን በእኛ ቈጥሮ ስለ ሞላው፥ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት በኋላ ያነሣውን የጎባ ገበያ ካሜራው «ከሌሊቱ 1 ሰዓት» ብሎታል። በሌላው ካሜራ ባትሪው ወጥቶ ሲቈይ ቀኑ ወደ ተሠራበት መነሻ ተመልሶ ብዙ መቶ ፎቶግራፎች ሁሉ በጥር ወር መጀመሪያ፥ ያውም በአንድ ሌሊት፥ የተነሡ ይመስላሉ። የሰዓቱ ነገር በጥላ ይታረማል፤ የወሩን ነገር በአዝመራ አርማለሁ ብዬ ነበር፤ ባሌ ግን በዚህ ያስቸግራል። በሌላ አገር የደረሰ ስንዴ የታየበት ሥዕል ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። በሮቤና በሲናና ሜዳ ግን ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፥ «ገና» እና «ቦና» በሚባሉት በሁለቱ ወቅቶች ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። ስንዴው ምንም ቢጠየቅ ወሩን አይናገርም። ስለዚህ ወደ ጫማ፥ ወደ ጃንጥላ፥ በግድግዳ ላይ ወደ ተለጠፈ ማስታወቂያ ዞርሁ። አንድ ጊዜ የአንድን ስብሰባ ዓመት ያገኘሁት ከተሰብሳቢዎቹ ጀርባ ከተሰቀለ የግድግዳ የቀን መቍጠሪያ ነው፤ ፎቶግራፉን በጣም አጉልቼ ሳየው የጳጉሜን ገጽ ይታያል።

የቋንቋም ጣጣ ነበረበት። አንዳንዱ ፎልደር በአማርኛ፥ አንዳንዱ በአፋን ኦሮሞ፥ አንዳንዱም በእንግሊዝኛ ተሰይሟል። ሮቤ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት በአራት ፊደል ትጻፋለች፤ በቁቤ ግን ረጅሙ አናባቢ ስለሚደገም በስድስት ፊደል ትጻፋለች። ኮምፒዩተሩም ሁለት ከተማ አድርጎ ቈጥሯታል። አስተዳደርም በበኩሉ ይለወጣል፤ «ባሌ» ተብለው ከተቀመጡት ውስጥ የድሬ ሼኽ ሑሴን ሥዕሎች አሉ፤ ቦታው ግን በምሥራቅ ባሌ ዞን ውስጥ ይገኛል። ይህን ሁሉ ቀስ ብዬ አስተካከልሁ፤ ዝርዝሩ አንባቢን እንዳያሰለች እዚህ ላይ ልለፈው።

ግልበጣው ካለቀ በኋላ ማመሳከር ይከተላል። የብራና ጸሐፊ የገለበጠውን መጽሐፍ ሌላ ሰው ከጥንታዊው ቅጂ ጋር እያነበበ ያርመዋል። ስልሳ ሺህ ፎቶግራፍ ግን በዐይን ማመሳከር አይቻልም። ለዚህ የተፈለሰፈ የሒሳብ ዘዴ አለ፤ ሻ 256 ይሉታል። ይህ ሒሳብ የአንዱን ፋይል ይዘት በሙሉ ፈጭቶ 64 ምልክት ያለው አንድ ቍጥር ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ የተለወጠች እንደ ሆነ ቍጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ከአሮጌውና ከአዲሱ የወጡትን ቍጥሮች ሳስተያይ አሥራ አንድ ፋይሎች አልተስማሙም። ከፍቼ ሳያቸው የላይኛው እኩሌታ ደኅና ሆኖ ከወገብ በታች ግራጫ ሆነዋል። መብራት በጠፋ ጊዜ በመንገድ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። አሮጌው ዲስክ ገና ስላልተነካ እንደ ገና ገለበጥኋቸውና ተስማሙ።

ይህ ሁሉ የተሠራው በሁለት ወር ውስጥ ነው። የቀሩት ሁለት ወሮች ያለፉት ኮምፒዩተሩ ምንም ሊረዳኝ በማይችልበት ጉዳይ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ፎቶግራፍ የሚጠይቀን ሰው በዝቷል። የሚጠየቀው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቀይ ቀበሮ፥ የደጋ አጋዘን፥ በሳነቴ ጉም ውስጥ የቆመ ጅብራ፥ የሐረና ደን፥ የሶፍ ዑመር ዋሻ። እኛም የምናነሣው የሚጠየቀውን ስለ ሆነ አንድ ቀበሮ አይጥ ሲያድን የሚያሳዩ ሦስት መቶ ሥዕሎች አሉን። ቀበሮዋ ያለችበት ወረዳና ቀበሌ ተጽፏል። ከእነዚያ ሦስት መቶ በአንዱ ጠርዝ ላይ የፈረስ ልጓም ይዞ በነጭ ጋቢ የቆመ ሰው ይታያል፤ ቀበሮዋን ፈልጎ ያገኘ መንገድ መሪ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ስሙ የትም አልተጻፈም። እንዲህ ያሉትን እየለየሁ «ስም የለሽ» በሚል ፎልደር ውስጥ ሳስገባ ከአምስት ሺህ በላይ ሆኑ። የጎባ ገበያ ቅቤ ሻጮች፥ ባላ በትር ይዘው ወደ ሼኽ ሑሴን የሚጓዙ ምእመናን፥ ችግኝ የሚተክሉ ገበሬዎች፥ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የቆሙ ልጆች ናቸው። እኔ በበኩሌ አንድን ነገር ታዘብሁ፤ በፎቶግራፎቻችን ውስጥ ስማቸው የተጻፈላቸው ሰዎች ሁሉ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡት ናቸው።

በዚህ መካከል አንድ ቀን አንዲት እናት ከጎባ መጡ። በዕድሜ የገፉ ናቸው። በመጀመሪያ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደው ነገ ነይ ሲባሉ ሰንብተው ኖሮ፥ ከተቀመጡበት ወንበር ጫፍ ላይ እንኳ ተደላድለው መቀመጥ አልደፈሩም።

«ልጄ፥ ሰውዬው ባለቤቴ ነበሩ» አሉ። «ካረፉ ዓመታቸው ነው። ፎቶ የላቸውም። የመታወቂያዋም ከእሳቸው ጋር በነበረችው ቦርሳ ጠፋች። ችግኝ በተከሉ ጊዜ አንድ ካሜራ የያዘ ልጅ አነሣኝ ብለው ነግረውኝ ነበር።»

«መቼ ነበር፥ እማማ?»

«ፍልሰታ የገባ ዕለት ነው። ጾሙን ይዘው ስለ ሄዱ ምሳ አልቋጠርሁላቸውም። ዓመቱን እንኳ እንጃ፤ ትንሽዋ ልጄ ዐሥረኛን የጨረሰች ዓመት ነው።»

ልጅቱ የጨረሰችበትን ዓመት በስልክ ጠየቅን፤ 2008 ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ. ም. በፈረንጆች ኦገስት 7 ቀን 2016 ነው። የአባት ስም ያወጣሁላቸው ፎቶግራፎች ተራቸውን ይዘው ቆመው ስለ ነበር ወዲያው ወደዚያ ቀን ሄድሁ። አርባ ያህል ሥዕሎች አሉ። አብዛኛው ንግግር ያደረጉ እንግዶች ናቸው። ከመጨረሻዎቹ በአንዱ ላይ ግን አካፋ ይዞ ያጎነበሰ፥ ፊቱን ከጎን ብቻ የሚያሳይ አንድ ሰው አለ። እማማ ወደ መስተዋቱ ተጠጉ። ፊቱን አልተመለከቱም። ጣታቸውን በካፖርቱ ክርን ላይ አድርገው፥

«ይህችን እኔ ነኝ የጣፍኋት» አሉ። ክሩ ሌላ ቀለም ነበረው።

የዚያ ፎቶግራፍ ቍጥር 0417 ነው። ከሰባቱ 0417ቶች ሌላው ሳነቴ ላይ የተኛች ቀበሮ ናት። ይህን ሳላስብ አላልፍም፤ ሁሉ በአንድ ፎልደር ተደባልቆ «አዎን» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ቀበሮዋ በካፖርቱ ላይ ትተኛ ነበር፤ እማማም በማግሥቱ እንደ ገና ነገ ነይ ይባሉ ነበር። ሥዕሉን በፎቶ ቤት አሳጥበን ሰጠናቸው። የሰውዬውንም ስም፥ እርሳቸው እንደ ነገሩኝ፥ ከነአያታቸው በመዝገቡ ጻፍሁ።

መዝገብ ያልሁት በእጅ የሚጻፍ ትልቅ ደብተር ነው። አምስት ዐምድ አለው፤ ቍጥር፥ ቀን፥ ቦታ፥ ስም፥ ስሙን የነገረው ሰው። አንዳንድ ባልደረቦቼ በኮምፒዩተር ዘመን ደብተር መክፈቴ ያስቃቸዋል። በኮምፒዩተርም ጽፌዋለሁ፤ ነገር ግን ደብተር ሲከፈት ገመድም መብራትም አይፈልግም። ይህን የተማርሁት ከታላላቆች ሥራ ነው። በ1973 በፈረንጆች አቈጣጠር የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በአገራችን ገዳማትና አድባራት ያሉትን ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት አንሥቶ፥ አንዱን ቅጂ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ኮሌጅቪል አስቀምጧል። ፊልሙ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ የተጠቀለለ ጥቁር ጥብጣብ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና የሥራ ጓደኞቻቸው ለዓመታት ተቀምጠው እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደ ሆነ፥ ማን እንዳስጻፈው፥ በኅዳጉ ላይ ምን እንደ ተጻፈ እየዘረዘሩ ካታሎግ በማዘጋጀታቸው ነው ዛሬ ተማሪ የሚጠቀምበት። በፊልም የሚያነሣው ሰው በቀን ብዙ ገጽ ይጨርሳል፤ የሚዘረዝረው ግን ዕድሜውን ይሰጣል።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ርክክቡ መጣ። አሮጌው ዲስክ በተገዛ ጊዜ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ ዐይነቱ፥ መለያ ቍጥሩና ዋጋው ተመዝግቧል። አሁን አርጅቷልና ይወገድ የሚል ሐሳብ ነበረ። እኔም በውስጡ ያሉት ፎቶግራፎች ዝርዝር ከርክክቡ ሰነድ ጋር እንዲያያዝ ጠየቅሁ። የንብረት ክፍሉ ሹም ደግ ሰው ናቸው፤ ጥያቄው ግን ከበዳቸው።

«የአንዱ ፎቶ ዋጋ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ዋጋ የለውም።»

«እንግዲያውስ ዋጋ የሌለውን ነገር በምን ሞዴል ገቢ ላድርገው?»

ሳስበው ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የመንግሥት መዝገብ ማድጋውን ቈጥሮ መረከብ ያውቃል፤ በማድጋው ውስጥ ያለው ማር ይሁን ውሃ ግን ዐምድ አልተሠራለትም። ዲስኩ ቢጠፋ ሰው ይጠየቃል፤ ደመወዙም ይቈረጣል። ዲስኩ ተገኝቶ ውስጡ ባዶ ቢሆን ግን ንብረቱ ተሟልቷል ይባላል። በመጨረሻ ዝርዝሩ በማስታወሻ ደብዳቤ ተጽፎ፥ የፎልደሮቹ ስምና በየፎልደሩ ያሉት ፎቶግራፎች ብዛት ተገልጾ፥ ሦስታችን ፈርመንበት ከሰነዱ ጋር ተያያዘ። ይህ በሕግ ምን ያህል እንደሚጸና አልመረመርሁም፤ ተተኪዬ ግን ሲረከብ የሚቈጥረው ነገር ያገኛል።

ስለ መወገዱም ተከራከርሁ። ፋይል በኮምፒዩተር ሲሰረዝ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ማውጫው ብቻ ነው፤ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በሰሌዳው ላይ ይቈያል። ዲስኩ በጨረታ ቢሸጥ፥ የገዛው ሰው ጥቂት ዕውቀት ካለው የእነዚያን ሁሉ እናቶችና ሕፃናት ፊት አብሮ ይገዛል። ከዚህም በላይ አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ መቀመጥ አንድ ዐይን ይዞ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ አሮጌው ዲስክ ሳይሸጥ፥ ሌላ መሥሪያ ቤት ፈቅዶልን፥ በጎባ ተቈልፎ እንዲቀመጥ ተወሰነ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ቢሆንም አንድ እሳት ሁለቱን ቤት አያገኛቸውም።

የስም የለሾቹ ጉዳይ ገና አላለቀም። ለዚህ የሚረዱኝ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የመንግሥት ሾፌር ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ከሲናና እስከ ደሎ መና፥ ከአዳባ እስከ ጊኒር ያልነዱበት መንገድ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ሻይ አስመጣላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን ጠርገው ይቀመጣሉ። የሰውን ፊት እንደ ዱሮው አይለዩም፤ ዐይናቸው ደክሟል። ፈረስ ግን ይለያሉ። «ይህ ግንባረ ነጭ የማን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ እንግዲህ ላዩ ላይ ያለው ልጅዬው መሆን አለበት፤ አባትየውማ ያን ጊዜ አልነበሩም» ይሉኛል። እኔም በአምስተኛው ዐምድ የእርሳቸውን ስም እጽፋለሁ። እስካሁን ከአምስቱ ሺህ ውስጥ ስድስት መቶ ያህሉ ስም አግኝተዋል። በዚህ አካሄድ ስንት ቅዳሜ እንደሚያስፈልገን አስልቼ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን አልነገርኋቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ የቀረበው ሥዕል ከድልድይ ላይ የተቀመጡ የሁለት ሴቶች ነበር፤ አንዲቱ እንስራ አዝላለች፥ ሁለተኛይቱ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትስቃለች። ፈረስ የለበትም። አዛውንቱ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ በመጨረሻም «ይህንስ ባለቤቴ ታውቀዋለች» ብለው በወረቀት እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። አወጣሁላቸው። አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከትተው ሄዱ።